ከሥራ መዘርዝር ውጭ ያለው ሥራ

ጎረቤቴን ሳስታምም በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ከረመ። ከገጠር የመጡ አዛውንት የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው "ልጄ፣ ይሄ የት ነው?" ብለው ጠየቁ። ነርሷ ቀና ሳትል "ውጭ ይጠይቁ" አለቻቸው። አስታማሚው ሁሉ አጉረመረመ። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ እጇን አይቻለሁ፤ መርፌ እየሞላች ነበር፤ ከንፈሯም ይቆጥራል። ከፊቷ በፋሻ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረ እስክሪብቶ፣ የተገለጠ መዝገብና ገና ያልተሰጠ የስድስት በሽተኛ መድኃኒት ተደርድሯል።

አዛውንትን ይዞ ላቦራቶሪ ማድረስ በነርስ የሥራ መዘርዝር ውስጥ የለም። አስታማሚ ለሌለው ውሃ ማቀበል፣ አዲስ የተመደበ ልጅ ማለማመድ፣ ልጇ የታመመባትን ባልደረባ አዳር መሸፈንም እንዲሁ። ሆስፒታሎቻችን ግን ውለው የሚያድሩት በዚህ ነው።

ጉዳዩ ብዙ ተጽፎበታል። የስልክ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው አሜሪካዊ ቼስተር ባርናርድ፣ ድርጅት የሚቆመው ሠራተኛው ለመተባበር ባለው ፈቃደኝነት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፉ አስረዳ። በ1964 የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካትዝ፣ ሠራተኛው የተጻፈለትን ብቻ የሚሠራበት ተቋም በቀላሉ የሚሰበር መሆኑን ጻፈ። ዴኒስ ኦርጋን ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ከግዴታ በላይ የሚደረግ በጎ ተግባር ራሱን የቻለ የጥናት መስክ አደረገው። በአውሮፓ የሠራተኛ ማኅበራት ነገሩን በተግባር አሳይተዋል፤ ሥራ ሳያቆሙ ደንቡ የሚለውን ብቻ በመሥራት መሥሪያ ቤቶችን አንገዳግደዋል። ጫና ይህን ፈቃደኝነት ለምን እንደሚነጥቅ ለመረዳት ስቲቫን ሆብፎል በ1989 ያቀረበው ሐሳብ ይረዳል፤ አቅሙ እየተሟጠጠ ያለ ሰው የቀረችውን ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከሥራ ጫና የሚመጣውን መዛል በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ እንደ ሥራ ነክ ክስተት አስፍሮታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና የውጤታማነት መቀነስ።

ለረጅም ዓመታት ያገለገለች አንዲት ነርስ ይህንኑ በራሷ ቋንቋ ነገረችኝ። "ድሮ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ሲገባ ሾርባ ከቤቴ ይዤ እመጣ ነበር። አሁን የራሴን ምሳ መቋጠርም እረሳለሁ" ትላለች። ሌሊት ለሠላሳ አልጋ ሁለት ሆነው ያድራሉ። ጓንት ሲያልቅ ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ የምትልከው እሷ ናት፤ ቁጣውንም የምትቀበለው እሷው። የአዳር ክፍያው ወራት አልፎት ይመጣል። "ሰው መርዳት ሰልችቶኝ አይደለም ወንድሜ። ያለችኝን ጉልበት መድኃኒት እንዳልሳሳት እየቆጠብኳት ነው። ብሳሳት ማን ይጠየቃል? ሾርባ ባለማምጣቴ ግን የሚጠይቀኝ የለም" አለችኝ። ቀጥላም "የሚያሳፍረኝ፣ አንዳንዴ እንዳይጠይቁኝ ብዬ ዓይናቸውን አለማየቴ ነው" አለች።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የዘርፉ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። አንድ ተረኛ ነርስ ስንት በሽተኛ እየያዘች ሩኅሩኅ እንድትሆን እንደሚጠበቅ አንድ ኃላፊ ጠይቄ "በደብዳቤ ይምጡ" አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሱን ግን አንባቢ ያስታውሳል።

የሚጎዳው ሁሉም ነው፦ ጀማሪው አሠልጣኝ ያጣል፣ ብቸኛው በሽተኛ ጠያቂ ያጣል፣ የበረታችውም ነርስ ሙያውን ትታ ትሄዳለች።

ርኅራኄ በስልጠና ብቻ አይመጣም፤ የሚራራበት ጉልበት የተረፈው ሠራተኛ ይፈልጋል። የአዳር ክፍያ በወሩ ይከፈል፤ ለአንድ ተረኛ የሚመደበው በሽተኛ ቁጥር ይወሰን፤ ጓንትና መርፌ ይሟላ። ይህ ሳይሆን ከባለሙያው ከግዴታው በላይ መጠበቅ ፍትሕ የለውም።