የትምህርት መክፈቻና የቡና ገንዘብ በቦንጋ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተቋቋመ ጊዜም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከዚህ ሥፍራ ጋር የሚነግድ ሁሉ የሕዝቡን አኗኗርና ገንዘብ በእጁ የሚገባበትን ወራት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 874,716 ሲሆን፤ በከተማ የሚኖረው 68,755 ብቻ፣ ይኸውም ከመቶ 8 የማይሞላ ነበር። በዚያው ቆጠራ በመላ አገሪቱ ከሕዝቡ መካከል ከመቶ 45 ያህሉ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የተነሣ የቦንጋ ባለሱቅ ደንበኛው የከተማው ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው የገጠር ገበሬም ነው።

የገበሬው ቤተ ሰብ ምግቡን ከእንሰቱና ከእህሉ ያገኛል። ለደብተር፣ ለልብስ፣ እንዲሁም በከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ የሚያስፈልገውን ጥሬ ገንዘብ ግን በይበልጥ የሚያገኘው ከቡና ነው። ማር፣ ኮረሪማና በግም ይደጉሙታል።

ችግሩ የሚነሣው ከወራቱ አለመገጣጠም ነው። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል፤ የቡናው ለቀማ ግን የሚበረታው ከጥቅምት ወዲህ ነው። እሸት ቡና የሚሸጥ ገበሬ ገንዘቡን ቶሎ ያገኛል፤ ጀንፈል የሚያደርቅ ግን ለጥቂት ሳምንታት መታገሥ አለበት። ስለዚህ ወጪው ከገቢው ይቀድማል።

በዚህ ጊዜ የተቸገረ አባት ሦስት መንገዶች አሉት፤ ከሱቅ በዱቤ መውሰድ፣ ገና ያልተለቀመውን ቡና በርካሽ ዋጋ አስቀድሞ መሸጥ፣ አለዚያም ያልቀላውን ፍሬ ለቅሞ ወደ ገበያ ማውጣት ናቸው። የኋለኛው ጉዳት ከገበሬው አልፎ ላኪውንም ይነካል፤ ጥሬው ፍሬ ከበሰለው ጋር ሲቀላቀል የቡናው ጣዕምና ደረጃ ይወርዳልና።

እንግዲህ የደብተር ዱቤ የቸርቻሪው ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። አስመጪውና ጅምላ ሻጩ የትምህርት ዕቃ ከነሐሴ በፊት ቦንጋ እንዲደርስ ቢያደርጉ፣ የክፍያውንም ቀን እስከ ታኅሣሥ ቢያራዝሙ፣ ባለሱቁ ለገበሬው ፋታ ሊሰጥ ይችላል። ባለሱቁም በበኩሉ ዱቤውን በመዝገብ ጽፎ በልክ መስጠት፣ የመክፈያውንም ቀን ከቡናው ሽያጭ ጋር ማስማማት ይገባዋል።

ፋታ ያገኘ ገበሬ ቡናው እስኪቀላ ይጠብቃል፤ ልጁም በመስከረም ከትምህርቱ አይቀርም። ላኪውም የበሰለና የተመረጠ ቡና ያገኛል። በመስከረም የተሰጠ ደብተር በታኅሣሥ የተሻለ ቡና ሆኖ ሊመለስ እንደሚችል ነጋዴዎች ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።