የንግድ መዝገብና የመረጃ ቋት፦ ለወለጋ ከተሞች ነጋዴዎች የቀረበ መግቢያ



የዛሬው ንግግሬ ሪሌሽናል ዳታቤዝ የሚባለው የመረጃ ቋት ለንግድ ሥራ ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት የታሰበ ነው። ስያሜው እንግዳ ቢመስልም የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ለእናንተ አዲስ አይደሉም። ማን ምን አስረከበ? ስንት ተከፈለው? ስንትስ ቀረለት? እስከ ዛሬ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የምንፈልገው ከደብተር ወይም ከኤክሴል ገጽ ነው። መዝገቡ ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጸሐፊው ሳይሆን ቡናውን ከግምቢ ወይም ከነጆ ገጠር ያመጣው አርሶ አደር ነው።

ችግሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ቡና አቅራቢ በአንድ ሰፊ ገጽ ላይ ቀኑን፣ የአርሶ አደሩን ስም፣ ቀበሌውን፣ ስልኩን፣ የቡናውን ክብደት፣ ዋጋውንና የተከፈለውን ገንዘብ በተርታ ይመዘግባል እንበል። ያው አርሶ አደር በአንድ የምርት ዘመን ሃያ ጊዜ ቢያስረክብ ስሙ፣ ቀበሌውና ስልኩ ሃያ ጊዜ ይጻፋሉ። ስልኩን በለወጠ ጊዜ ሃያውም ቦታ መታረም አለበት፤ አሥራ ስምንቱ ታርመው ሁለቱ ቢቀሩ መዝገቡ ሁለት ቃል መናገር ይጀምራል። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ የለም።

ለዚህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ ያቀረበው በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ሲሆን፣ ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀበት ጽሑፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ታተመ። ለዚህም ሥራው በ1981 እ.ኤ.አ. የቱሪንግን ሽልማት ተቀብሏል። ብዙዎች ሪሌሽናል የሚለው ስያሜ ሰንጠረዦች እርስ በርሳቸው ከመዛመዳቸው የመጣ ይመስላቸዋል። ኮድ ግን ቃሉን የወሰደው ከሒሳብ የስብስብ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሪሌሽን ያለው ሰንጠረዡን ራሱን ነበር። የሐሳቡ እምብርት ግን ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ።

ስለዚህ የአቅራቢያችንን ሰፊ ገጽ ወደ ሦስት ሰንጠረዦች እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው የአርሶ አደሮች፣ ሁለተኛው የርክክብ፣ ሦስተኛው የክፍያ ነው። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍና የራሱ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ ይህን ቁጥር ዋና ቁልፍ እንለዋለን። በርክክቡና በክፍያው ሰንጠረዦች የሚጻፈው ስምና ስልክ ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው፤ እዚያም የውጭ ቁልፍ ይባላል። ስልክ ሲለወጥ አንድ ቦታ ላይ ይታረማል፣ በቃ። ቀሪ ሒሳብም በእጅ አይጻፍም፤ ከርክክቡ ዋጋ ድምር የክፍያው ድምር ተቀንሶ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ይሰላል። የምንጠይቅበትም ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል።

የውጭ ቁልፍ ሌላም ሥራ አለው። ሥርዓቱ ባልተመዘገበ ሰው ስም ርክክብ አይቀበልም፤ ርክክብ ያለውን አርሶ አደርም ከመዝገብ ሰርዙ ቢባል እምቢ ይላል። ቀሪ ያለው ሰው ከነገንዘቡ ከመዝገብ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ይህ እምቢታ ነው።

ዋናው ቁልፍ ለምን ስም አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የሚጻፈው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በመሆኑ በአንድ ቀበሌ ሞክሼዎች ብዙ ናቸው። በተጨማሪም አንዱ ስም ብዙ መልክ አለው። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በሲ ፊደል ብቻ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን በሲና በኤች። በግእዝ ፊደልም ፀሐይንና ጸሀይን ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ መለያው ድርጅቱ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር ይሁን፤ የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ካለ በሌላ ዓምድ፣ እንዳይደገም ተከልክሎ፣ ይመዝገብ።

የቀን አጻጻፍ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የተለመዱት ሥርዓቶች የቀን ዓምዳቸው የተሠራው ለጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። አንድ ሠራተኛ ጥቅምት 30 ቀን 2016ን በቁጥር 30/2/2016 ብሎ ቢያስገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ሥርዓቱ ይመልሰዋል፤ ይህ መልካም ነው። የካቲት 30 ቀን 2016ን 30/6/2016 ብሎ ቢያስገባ ግን ሥርዓቱ ጁን 30 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቀን ማርች 9 ቀን 2024 ነበር፤ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስሕተት ማለት ነው። የሚያስፈራው የሚጮኸው ስሕተት አይደለም፤ ዝም የሚለው ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ፣ ፕሮግራሙ ለውጦ ያስቀምጥ፣ ሲያሳይም መልሶ በእኛ አቆጣጠር ያሳይ።

መለኪያም እንዲሁ ነው። በቡና ንግድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም፣ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱ ከተደባለቁ ድምሩ ትርጉም ያጣል። በመዝገቡ ሁሉም በኪሎ ግራም ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ መለኪያ መመንዘሩ ለደረሰኙ ይተው።

አሁን ወደ መብራት መቋረጥ ልምጣ። ክፍያ ሲፈጸም ሁለት ነገር ይጻፋል፦ ከካዝናው ገንዘብ ይቀነሳል፣ ለአርሶ አደሩም ተከፍሏል ይባላል። በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋስ? ደህና ሥርዓት ሁለቱን እንደ አንድ ድርጊት ይይዛቸዋል፤ ይህን ትራንዛክሽን እንለዋለን። ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ በማስታወሻ መዝገብ ስለሚጽፍ፣ መብራት ሲመለስ ያንን አንብቦ ወይ ሁለቱንም ይፈጽማል ወይ ሁለቱንም ይተዋል። ግማሽ ክፍያ የሚባል ነገር አይኖርም።

ደንብ ካልተጠበቀ ምን እንደሚከተል በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። ያኔ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጭምር፣ ለተወሰኑ ሰዓታት በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል። እኛ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ አይወርድም የሚለውን የመሰለ ደንብ በሠራተኛው ጥንቃቄ ወይም በስልኩ መተግበሪያ ላይ ብቻ አትተዉት፤ በመረጃ ቋቱ ውስጥም ይጻፍ።

መረጃው የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄም ለወለጋ ልዩ ትርጉም አለው። በ2012 ዓ.ም.፣ እስከ መጋቢት ወር ድረስ፣ በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትዘነጉትም። መዝገቡ በሙሉ በሩቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የነበረ ነጋዴ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕዳውንም ሀብቱንም ማየት አይችልም። ስለዚህ የዕለት ሥራው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይሂድ፤ በየማታው መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ተመልሶ መከፈቱ ያልተሞከረ ቅጂ ግን እንደ ቅጂ አይቆጠርም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፖስትግሬስኪውኤልና ኤስኪውላይት ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆን፣ ማይኤስኪውኤልም ነጻ ሥሪት አለው። ለአንድ ሱቅ ወይም ለአንድ ኮምፒውተር ኤስኪውላይት ይበቃል፤ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ማኅበር ግን ከሌሎቹ አንዱን ይምረጥ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ የመግቢያ ስምና የተወሰነ ፈቃድ ይሰጠው፤ መዛኙ ርክክብ ይጻፍ፣ ክፍያን ግን አይንካ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል።

በመጨረሻ አንድ ምክር ልስጥ። ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱና ንግዳችሁ ስለ ምን ስለ ምን እንደሚመዘግብ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሰንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ ሰንጠረዥ አንድ ቁልፍ ስጡ። ይህን ከእናንተ በተሻለ የሚያውቅ የሶፍትዌር ባለሙያ የለም። ባለሙያው ሰንጠረዡን ይሠራል፤ ለአርሶ አደሩ የሚቀረው ብር በትክክል እንዲነገረው የሚያደርገው ግን የእናንተ ደንብ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።