የደብሩን ጣራ ማን ይጠግነው?

ይፋግ አካባቢ ያለ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣራው አፈሰሰ እንበል። ክረምት ገብቷል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል እየራሰ ነው። ማን ይጠግነው? ምእመናኑ ወይስ መንግሥት?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የመንግሥትም የሌላ ሰውም ሀብት ሊሆን እንደሚችል ደነገገ። ስለዚህ ደብሩ የቤተ ክርስቲያን ነው። የመጠበቅ ግዴታም የእርሷ ነው። ጥገናው ግን የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል «ሊረዳ ይችላል» ይላል ሕጉ። «ይረዳል» አይልም። ግዴታው የተረጋገጠ፣ እርዳታው ግን በፈቃድ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው።

ታዲያ መንግሥት ይውረሰው? ጎንደርን እንመልከት። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የፋሲል ግቢ ቅርስ ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ይጨምራል። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ የሚጎበኝ ቅርስ ነው፤ ሥላሴ ግን ዛሬም የሚቀደስበት ደብር ነው። ቅዳሴ የሌለበት ደብር ሙዚየም ይሆናል።

መንግሥትና ሃይማኖት መለያየታቸውም ለዝምታ ምክንያት አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ጥሏል።

መፍትሔው ባለቤትነትን መንጠቅ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል በተወሰነ ቀን ይመልስ፤ ወጪውንም ይጋራ። አለዚያ ካህናቱ ዝናቡን ለመከላከል ያገኙትን ቆርቆሮ ቢመቱ፣ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይሆንም።