ቴፕ በሞተር ብስክሌት ላይ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ለሚመላለስ ሞተረኛ ዜናና ሙዚቃ የመንገድ ጓደኛ ቢሆኑም፣ ቴፕ፣ ማለትም ሬዲዮና ፍላሽ የሚያጫውት መሣሪያ፣ ሲገጠም ሸክሙ የሚያርፈው በትንሿ ባትሪ ላይ ነው። የብዙዎቹ ሞተሮች ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን፣ የኃይሉ መጠን በዋት ተለክቶ ለቮልቱ ሲካፈል መሣሪያው የሚስበው ፍሰት በአምፔር ይገኛል፤ ስለዚህ 60 ዋት የሚወስድ ድምፅ ማጉያ 5 አምፔር ይስባል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሙዚቃው ከቀጠለም 5 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

የቴፑ የኤሌክትሪክ መስመር በሞተሩ ቁልፍ በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ ግን ቁልፉ ሲዘጋ ቴፑም አብሮ ይጠፋል። የቴፑ ቀይ ገመድ ከባትሪው በሚነሣበት ቦታ የሚገባው ፊውዝ፣ ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ በመሆኑ፣ ከቃጠሎ ይጠብቃል። መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ገመዱ ተወጥሮ ከታሰረ፣ በየመታጠፊያው እየተፋተገ ልባሱ ይላጥና ሽቦው ከብረቱ ይገናኛል። በክረምት ውኃ እንዳይገባበት መሣሪያው መሸፈን አለበት፤ ድምፁም ከኋላ የሚመጣን መኪና ጡሩምባ እስኪውጥ ከፍ ሊል አይገባም።