ቪያ፦ ለጋራ ታክሲ መንገድ የሚያሰላው ኩባንያ

ቪያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኒው ዮርክ የሚገኝ የትራንስፖርት ቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው። ሥራው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ፣ እርስ በርስ ግን የማይተዋወቁ ሰዎችን በቅጽበት አገናኝቶ በአንድ መኪና ማሳፈር ነው። መኪናው እንደ አውቶቡስ ቋሚ መስመር የለውም፤ እንደ ኮንትራት ታክሲም ለአንድ ሰው ብቻ አይያዝም። የሚሄድበት መንገድ የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ማን ከየት ወዴት መሄድ እንደፈለገ ታይቶ ሲሆን፣ ሰው በተሳፈረና በወረደ ቁጥር ሊቀየር ይችላል። «ቪያ» በላቲን «መንገድ» ማለት ነው።

ኩባንያውን በ2012 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ዳንኤል ራሞትና ኦረን ሾቫል የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን ናቸው። ሁለቱም በአገራቸው አየር ኃይል ያገለገሉ ሲሆን፣ ራሞት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በነርቭ ሳይንስ፣ ሾቫል ደግሞ በዋይዝማን ተቋም በሥነ ሕይወት የዶክትሬት ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። ከሁለቱ አንዳቸውም ከታክሲ ሥራ የመጡ አልነበሩም። የንግድ ሐሳቡን ያገኙት ግን ከታክሲ፣ ያውም በእስራኤል ከተሞች ከሚመላለሰው ሼሩት ነው።

ሼሩት በዕብራይስጥ «አገልግሎት» ማለት ሲሆን፣ እስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቁታል። 10 ያህል ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ የአውቶቡስ መስመር ይከተላል፤ መንገድ ዳር እጁን ላነሣ ይቆማል፣ አውርደኝ ሲሉትም ያወርዳል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሒሳቡን ከፊቱ ላለው ያቀብላል፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት ይመለሳል። በሰንበት አብዛኞቹ አውቶቡሶች ሲቆሙ በአንዳንድ መስመሮች ሼሩት ይሠራል። ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ሹፌሩ የሚያውቀው በዓይኑ ያየውን መንገደኛ ብቻ ነው። አንድ መንገድ አልፎ የቆመ ሰው ለእሱ የለም።

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ የሚሠራውም በዚሁ ሥርዓት ነው። ወያላው በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበትን ሰፈር እየጠራ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲል፣ በአንድ ትንፋሽ መዳረሻውንም የተረፈውን ወንበርም ያሳውቃል። ቪያ ያደረገው ይህንን ሥራ ከሰው ድምፅ ወስዶ ለኮምፒውተር መስጠት ነው። የወያላው ጥሪ የሚሰማው ፌርማታው ላይ ላለ ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በስልክ መተግበሪያ የጠየቀውን የከተማውን ሰው ሁሉ፣ በየመኪናው ከተረፈው ወንበር ጋር፣ በአንድ ጊዜ ያያል።

የቪያ አገልግሎት በ2013 የተጀመረው በኒው ዮርክ፣ በማንሃተን፣ በላይኛው ምሥራቅ ክፍል ነው። ዋጋው በርቀት የሚሰላ ሳይሆን ለአንድ ጉዞ 5 ዶላር ገደማ የሆነ ቁርጥ ክፍያ ነበር። ከሌሎች የሚለየው ደንብ ግን መኪናው ደጅ ድረስ አለመምጣቱ ነው። ተሳፋሪው በስልኩ ወደ ተነገረው የመንገድ ማዕዘን ጥቂት እርምጃ ይሄዳል። የማንሃተን መንገዶች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስነዱ ስለሆኑ፣ አንድ ሰው ከደጁ ለማንሣት መኪናው ብሎኩን መዞር ሊኖርበት ይችላል። ያ ዙር ቀድመው የተሳፈሩትን ሁሉ ያስጠብቃል። አንዱ ሁለት ደቂቃ ቢራመድ፣ አራቱ አምስት ደቂቃ ከመጠበቅ ይድናሉ። ማዕዘኑ ላይ ምልክት የለም፤ ፌርማታነቱ ለዚያ ጉዞ ብቻ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ባለ 6 ወንበር መኪና ሦስት ሰዎች ጭኖ ወደ ደቡብ እየሄደ ነው እንበል። ከመንገዱ ሁለት ብሎክ ገባ ካለ ሕንፃ አዲስ ጥያቄ ይመጣል። ኮምፒውተሩ በአካባቢው ያሉትን መኪኖች አንድ በአንድ ይፈትሻል፦ አዲሱ ሰው ከማን በፊት ቢሳፈር፣ ከማን በኋላ ቢወርድ፣ የተሳፈሩት እያንዳንዳቸው ስንት ደቂቃ ይዘገያሉ? የማንም መዘግየት ከተቀመጠው ልክ ማለፍ የለበትም። ባዶ መኪና በቅርብ ቢኖርም ሁልጊዜ አይመረጥም፤ ጥቂት ደቂቃ ራቅ ያለው፣ ግን መንገዱ የገጠመው ይሻል ይሆናል። ባዶው ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ ይቆያል። ይህ ሁሉ በሰኮንዶች ያልቃል። ሹፌሩ ዘንድ የሚደርሰው የት እንደሚታጠፍና ማንን እንደሚያሳፍር ብቻ ነው። በኒው ዮርክ አጀማመሩ ላይ ሹፌሮች ይከፈላቸው የነበረው በሰዓት ስለሆነ፣ የጉዞው ማጠር ወይም መርዘም ገቢያቸውን አይነካም ነበር።

እንዲህ ያለ ድልድል ምን ያህል መኪና ሊቀንስ እንደሚችል ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት በ2017 አሳይቷል። በኒው ዮርክ የታክሲ ጉዞ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በተደረገው ስሌት፣ ከ13,000 በላይ የሆኑት የከተማዋ ታክሲዎች ከሚሰጡት አገልግሎት 98 በመቶውን እያንዳንዳቸው አራት ሰው የሚይዙ 3,000 መኪኖች መስጠት ይችላሉ፤ አማካይ ጥበቃውም ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው። ውጤቱ ግን የሚይዘው ተሳፋሪው ሁሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ለመሄድ ፈቃደኛ ሲሆን ነው።

ቪያ በ2015 ወደ ቺካጎ፣ በ2016 ወደ ዋሽንግተን ተስፋፋ። ንግዱ ቀላል አልነበረም። ሰው ሲያንስ መኪናው ባዶውን ይዞራል፤ የሹፌሩና የነዳጁ ወጪ ግን አይቀርም። በዚያ ላይ ተፎካካሪዎቹ ኡበርና ሊፍት በ2014 የጋራ ጉዞ መሸጥ ጀምረው ነበር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የጋራ ጉዞ ታገደ፤ ኩባንያውም በ2021 በኒው ዮርክ ለግለሰቦች የሚሰጠውን አገልግሎት ዘጋ። በዚያን ጊዜ ግን ዋና ደንበኛው ተቀይሮ ነበር። ቪያ ጉዞ ለሰዎች በመሸጥ ፈንታ የድልድል ሥርዓቱን ለከተሞች መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ለውጡ ጎልቶ የታየው በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል በምትገኘው የቴክሳስ ከተማ በአርሊንግተን ነው። ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ይህች ከተማ ለሕዝብ ትራንስፖርት የሚውል ግብር በ1980፣ በ1985 እና በ2002 ለድምፅ ቀርቦላት ሦስቱንም ጊዜ ውድቅ አድርጋለች። በ2013 የጀመረችው አንድ የአውቶቡስ መስመር ብቻ ነበራት። በ2017 መጨረሻ እሱንም አቁማ በቪያ ሥርዓት የሚመሩ ባለ 6 ወንበር ቫኖች አሰማራች። ዋጋው 3 ዶላር ነበር። አገልግሎቱ በተወሰኑ ሰፈሮች ተጀምሮ በ2021 ከተማዋን በሙሉ አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት አሽከርካሪ አልባ መኪኖችም በሙከራ ገቡበት። በኖርዝ ካሮላይና የምትገኘው ትንሿ ዊልሰን ደግሞ በ2020 መደበኛ አውቶቡሶቿን ትታ ወደዚሁ ሥርዓት ዞራለች።

በበርሊን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የከተማዋ የትራንስፖርት ድርጅት ከቪያና ከመርሰዲስ ቤንዝ የጋራ ኩባንያ ጋር በ2018 «ቤርልኮኒግ» የተባለ አገልግሎት ጀመረ። ባቡርና አውቶቡስ በሞላበት ከተማ እንደ ተጨማሪ የተሞከረ ሲሆን፣ በ2022 ተዘግቷል።

ዛሬ የኩባንያው ሥርዓት የሚውለው ለጋራ ቫን ብቻ አይደለም። በመደበኛ አውቶቡስ መጠቀም የማይችሉ አካል ጉዳተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለሚያነሣ መጓጓዣና ለተማሪዎች አውቶቡስም ይሠራል። በ2021 የአውቶቡስ መስመር ማቀጃ ሶፍትዌር የሚሠራውን ሪሚክስን በ100 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2023 ደግሞ የለንደኑን የመንገድ መሪ መተግበሪያ ሲቲማፐርን ገዝቷል። መስከረም 2025 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑ በኒው ዮርክ ገበያ በ46 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ።

ሥርዓቱ የማያልፈው ወሰን አለው። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ከተማ አንድ ቫን በሰዓት የሚያነሣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ በተጨናነቀ ጎዳና ላይ አንድ አውቶቡስ በአንድ ጉዞ ብዙ እጥፍ ያነሣል። ስለዚህ የሚያዋጣው ትላልቅ አውቶቡሶች ባዶአቸውን በሚሄዱበት ሰፈርና ሰዓት ነው። እዚያም ቢሆን የተሳፋሪው ክፍያ ወጪውን አይሸፍንም። በአርሊንግተን ከተሳፋሪው 3 ዶላር በላይ የሆነው ወጪ የተሸፈነው ከከተማዋና ከፌዴራል መንግሥቱ በጀት ነው።