የማኅበራችን ድረ ገጽ የማን ቤት ነው?

ከጥቂት ወራት በፊት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የኮሚኒቲ ማኅበራችን የድረ ገጽ ማሻሻያ ኮሚቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች ነን። የማኅበሩን ስም አልጠቅስም፤ አንባቢ የራሱን ማኅበር ስም ቢያስገባበት ብዙ የሚሳሳት አይመስለኝም። አጀንዳው አንድ ነው፤ አሮጌውን ገጽ እንዴት እናድሰው?

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁለቱ ሰዓት ያለቀው በባንዲራ ነው። ከገጹ አናት ላይ የሚውለበለበው ልሙጡ ይሁን፣ አንበሳ ያለበት ይሁን፣ ወይስ ባለኮከቡ? ሻዩ ቀዘቀዘ፤ አንዱ ተቆጥቶ ወጣ፤ ተለምኖ ተመለሰ። የሚያስቀው ነገር፣ አሮጌው ገጽ ላይ የነበረው ባንዲራ መውለብለቡን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በፍላሽ የተሠራ ነበር፤ አዶቢ ኩባንያ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ስላቆመው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቦታው የቀረው ባዶ ግራጫ ሳጥን ነው። ከመካከላችን ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ለምን ቢባል፣ እኛ የማኅበሩ ሰዎች ገጹን ከፍተን አናየውም።

ታዲያ ማን ነው የሚከፍተው? ይህን ጥያቄ ያመጣችው ከሁላችን ታናሽ የሆነችው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት የምትሠራው ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ሊቀመንበሩን፣ «ቤቱን ቀለም ከመቀባታችን በፊት በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ብናውቅ አይሻልም?» የጉብኝት መዝገቡን አይታ ነው የመጣችው። አብዛኛው ጎብኚ በስልክ፣ በሌሊት ነው የሚመጣው። የሊቀመንበሩን መልእክት አያይም፤ የዓመት በዓል እራት ፎቶም አያይም። ቀጥታ «ለአዲስ መጪዎች» የሚለውን ይጫናል፤ ወዲያው ይወጣል።

እኔም እዚያው በስልኬ ከፈትኩት። ያየሁት አማርኛ አልነበረም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መደብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞቻችን የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያንኑ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ያልጫነ ሰው የሚያየው ዝባዝንኬ ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ጽሁፉን በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ እያወጣን አመለጥን። ያ የእኛ ገጽ ግን በአሮጌው ፎንት እንደተጻፈ ቀረ። ወደ ዩኒኮድ ይቀየር ብሎ ያሰበ የለም።

ይህን ሳይ አንዲት እህት ትዝ አለችኝ፤ ሆዴም ባባ። አሜሪካ ከገባች በአሥራ አራተኛው ወር ወደ ቢሯችን የመጣች ናት። በ1996 የወጣው ሕግ የጥገኝነት ማመልከቻ አገሩ ውስጥ በገቡ በአንድ ዓመት ጊዜ እንዲገባ ያዛል። ከዚያ ያለፈበት ሰው በቂና ልዩ ምክንያት ማስረዳት አለበት፤ ጠበቃዋ ዛሬም ከዚህ ጋር እየታገለ ነው። ያን ዕለት ለምን እንደዘገየች ስጠይቃት «ድረ ገጻችሁን ከፍቼ ነበር፤ አልገባኝም፤ ዘጋሁት» ነበር ያለችኝ። እኔ በልቤ ሰነፍ አልኳት። አሁን ልጅቷ አሮጌውን ጽሁፍ ቀይራ ስታነብልን፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የአንድ ዓመቱ ገደብ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አንድ የሕግ ባለሙያ ወገናችን ከብዙ ዓመት በፊት በነጻ የጻፈልን ነበር። መረጃው ነበረ። የሚነበብ አልነበረም እንጂ።

ያው ጽሁፍ ደግሞ «ማመልከቻው ክፍያ የለውም» ይላል። ሲጻፍ እውነት ነበር። ሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ግን ቢያንስ 100 ዶላር እንዲከፈልበት ደንግጓል። ስለዚህ ዕቅዳችን ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው ቀለምና ፎቶ አይደለም፤ እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ የታየበት ቀን ይጻፍበታል፤ የሚከታተለው አንድ ሰው ይመደብለታል። ስድስት ወር ሙሉ ካልታየ «ይህ መረጃ አርጅቶ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ራሱ ይወጣል። ሊቀመንበራችን «ይኼማ ያዋርደናል» አሉ። እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ ያላዋረደን ምን እንደሆነ አልገባኝም።

የፍለጋው ነገርም አለ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ስራ»፤ «ዓመት»ም አለ «አመት»ም አለ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ለሚሠራው ባለሙያ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ ሌሊት በስልኩ ሥራ የሚፈልግ ወገን «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ይሸኛል።

የአባልነት ቅጹ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የትውልድ ቦታና ፎቶግራፍ ይጠይቃል። ለምን? ማንም መልስ አልነበረውም። «ምን የምንደብቀው አለ?» ያሉም ነበሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 መሪዎች ፎቶ እንደ ወጥመድ ተደርጎ የስለላ ፕሮግራም በኢትዮጵያውያን ኮምፒውተር ላይ ይሰደድ እንደነበር አሳይቷል። በ2014 አንድ የሜሪላንድ ነዋሪ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ያ መንግሥት ሄዷል ትሉኝ ይሆናል። መንግሥት ይሄዳል ይመጣል፤ የሰው ስምና የትውልድ ቦታ ግን ያው ነው። አዲሱ ቅጽ ስምና አንድ መገናኛ ብቻ ይጠይቃል። ሳይጠየቁ ፎቶአቸው የወጣ ሰዎችም ይነሱ ተባለ።

የሂሳቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። እንደኛ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ፎርም 990 የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርቱን ለጠየቀው ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ የሦስት ዓመቱን። «መዋጮ» ከሚለው ቁልፍ አጠገብ ይቀመጥ ስል ክፍሉ ጸጥ አለ። በኋላ በድምጽ ብልጫ አለፈ፤ ሦስት ለሁለት።

ይህ ሁሉ ታቅዶ ሲያበቃ ነው የገጹ ቁልፍ በእጃችን እንደሌለ የታወቀው። አድራሻው የተመዘገበው በማኅበሩ ስም አይደለም፤ በቅንጅት ክፍፍል ዘመን አኩርፎ በቀረ አንድ የቀድሞ አባል ስም ነው። «ገጹን ጠልፎ ሄደ» እያልን ስንት ዓመት አምተነዋል። እንድደውልለት ተመረጥኩ። እየፈራሁ ደወልኩ።

«እስከ ዛሬ አልተዘጋም እኮ፤ ማን ነው የሚከፍለው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ፤ በየዓመቱ ከኪሴ» አለኝ።

«እንዴ፣ ተጣልተህ አልነበር?»

«ከሰዎቹ ጋር እንጂ ከማኅበሩ ጋር መች ተጣላሁ? ደግሞ እኮ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

በሳምንቱ አድራሻውን በማኅበሩ ስም አዛወረልን። ያወጣው ገንዘብ እንዲመለስለት ሐሳብ አቀረብኩ፤ እሱ አልቀበልም ብሏል። ያቺን እህት ደግሞ ረቂቁን በስልኳ እንድትሞክርልን ለምኛታለሁ፤ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ልትመጣ ነው። የባንዲራው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።