ከቴርሚኒ እስከ ቫቲካን

በሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ደጃፍ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ሠራዊት የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መታሰቢያቸው ቆሟል። ሐውልቱ ራሱ ከግብፅ የመጣ፣ የዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ድንጋይ ነው። ከመላው ዓለም የሚመጣው ጎብኚ ሻንጣውን እየጎተተ በአጠገቡ ያልፋል። ለኢትዮጵያዊው ግን የሮም ጉብኝት እዚሁ ይጀምራል፤ ከተማዋ የቄሣሮች ታሪክ ብቻ ሳትሆን የእሱም ታሪክ የተጻፈባት ናትና።

ይኸው መታሰቢያ ሌላም ታሪክ አለው። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ዘርፈው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያቆሙት በእግሩ ሥር ነበር። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን ሲያይ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት በቀረቡት ላይም ጎራዴውን መዘዘ። ተይዞ ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተላከ፤ አገሩን ሳያይ በ1937 ዓ.ም. እዚያው ጣልያን ሞተ። አንበሳው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ይታያል። ቴርሚኒ የሚደርስ ሐበሻ ለዘርዓይ ሲል ጥቂት ደቂቃ ቢቆም ይገባዋል።

ከጎጃም ዳንግላ ወደ ሮም የሚነሣ መንገደኛ ባሕር ዳር ሄዶ በአውሮፕላን፣ ወይም በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሮም ፊውሚቺኖ ያደርሰዋል። ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ቪዛው ነው። የሸንገን የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። ለዚህም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የማረፊያና የገንዘብ ማስረጃ፣ እንዲሁም ሰውየው ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚያሳምን ሰነድ ይጠየቃል። ጊዜ ስለሚፈጅ ወራት ቀድሞ መጀመር ይበጃል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረዋቸው ነበሩ፤ ሮም ላይ የተቀበላቸው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ ነበር። የዛሬው ጎብኚ ግን ወረፋውን ይጠብቃል።

ከተማዋ ውስጥ ከተገባ በኋላ ጆሮ ፈጥኖ ይለምዳል። ዳንግላ ላይ ጎማ የሚያስጠግን ሾፌር የሚጠራው «ጎሚስታ» ሮም ውስጥም በሱቅ ግንባር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማኪያቶ የሚያዝዝ ሰው ግን በትንሽ ሲኒ፣ ጠብታ ወተት ብቻ ያረፈበት ወፍራም ቡና ይቀርብለታል። በብዙ ቡና ቤቶች ባንኮኒው ዘንድ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል። ውኃ መግዛትም አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ዳር ካሉት የብረት ቧንቧዎች ሌት ተቀን ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፈስሳል። አውቶቡስና ሜትሮ ውስጥ ኪስ አውላቂ ስለማይጠፋ ፓስፖርትና ገንዘብ በደረት በኩል ይያዛል።

ከቴርሚኒ በእግር ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኮሎሲየም ይደረሳል። ቬስፓሲያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 ዓመተ እግዚእ የመረቀው ይህ ስታዲየም ሃምሳ ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር። ትኬቱ በስም ስለሚሸጥ አስቀድሞ መግዛት ያሻል። አጠገቡ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው በዚህ ቅስት ሥር ነው። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ወደ መጨረሻው ግድም ጥሎት ሄደ፤ ያለፈበት ስፍራም የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ፖርታ ካፔና ነበር።

ያ ስፍራ ከቅስቱ በእግር የሚደረስ ነው። የሮም ቄሣሮች የግብፅን ሐውልቶች በመርከብ አስጭነው ከተማቸውን እንዳስጌጡ ሁሉ፣ ሙሶሊኒም 24 ሜትር የሚረዝመውን የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 አምጥቶ በጣልያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ፊት አቆመው። ሕንፃው ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል ጣልያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ብትገደድም ሐውልቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ እዚያው ቀረ። በመጨረሻ በሦስት ተከፍሎ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ ቆሞ የተመረቀውም ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ፖርታ ካፔና ላይ ዛሬ ሐውልቱ አይታይም፤ አለመኖሩ ግን ለኢትዮጵያዊ ደስ የሚያሰኝ ነው።

በዚያው በኩል ወደ ሳን ጆቫኒ የሚያመራ መንገድ አምባ አራዳም ይባላል፤ የ1928ቱ የአምባ አራዳም ጦርነት መታሰቢያ መሆኑ ነው። ሮማውያን ለተዘበራረቀ ነገር ሁሉ «አምባራዳን» የሚሉት ከዚሁ ስም የመጣ ቃል ነው።

ለቫቲካን አንድ ሙሉ ቀን ቢመደብ አይበዛም። በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ሚኬላንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 የሣለው ሥዕል ብቻውን ሰዓታት ይወስዳል። ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ የያዘች እናት እዚህ አትቸገርም።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ ነው። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የወጣው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከነዚህ መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ የአማራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙት እዚሁ ከተማ ነው፤ ሉዶልፍ በኋላ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ሌሎቹ በር ገፍቶ የሚገባበት ስላልሆነ ጎብኚው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።